ሒሳቡ ያልቆጠራቸው እጆች
የኮርቲና መኪና ታሪክ በሠራተኛው ዓይን ሲታይ

ማንኛውም ሸቀጥ ለገበያ ሲቀርብ ገዢው በመጀመሪያ የሚያየው መልኩን፣ ቀጥሎም የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ሸቀጡን ማን ሠራው፣ በስንት ሰዓት ድካም ተሠራ፣ የሠራውስ ሰው ምን ተከፈለው የሚሉት ጥያቄዎች ከመደብሩ በር ውጭ ይቀራሉ። የሚቀሩትም በአጋጣሚ አይደለም። የሰውን ድካም በሸቀጥ መልክ ሸፍኖ፣ በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት በዕቃዎች መካከል ያለ ግንኙነት አስመስሎ ማቅረብ የካፒታሊስት ሥርዓት ዋነኛ ባሕርይ ስለሆነ ነው። ስለዚህም የአንድን ሸቀጥ እውነተኛ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከማስታወቂያው ጀርባ አልፎ ወደ ፋብሪካው ወለል መውረድ ይኖርበታል።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆን አንድ ሸቀጥ እንመልከት። ኮርቲና የተባለችው የፎርድ ኩባንያ የቤተሰብ መኪና በእንግሊዝ አገር ከ1962 እስከ 1982 ድረስ ለሃያ ዓመታት ተሠርታለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአምስት ተከታታይ ዓይነቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮርቲናዎች ተመርተዋል፤ በ1970ዎቹም በእንግሊዝ አገር ከማንኛውም መኪና የበለጠ የተሸጠችው እርሷ ነበረች። የቅንጦት ተሽከርካሪ አልነበረችም፤ የድሃም መጓጓዣ አልነበረችም። በመካከለኛ ኑሮ ላይ ያለ ቤተሰብ ልጆቹንና ሻንጣውን ጭኖ የሚሄድባት፣ በሁሉም ነገሯ መካከለኛ የሆነች መኪና ነበረች።

ስለ እርሷ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የነዳፊዎቿን ብልሃት፣ የሻጮቿን ቅልጥፍናና የእሽቅድድም ድሎቿን የሚተርክ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላውን ግማሽ ታሪክ ነው። የመኪናዋን ወጪ እስከ ፔኒ ድረስ የቆጠረው ኩባንያ የሠሪዎቿን ሙያ እንዴት ሳይቆጥር እንደቀረ፣ ያልተቆጠሩትም እጆች በመጨረሻ ራሳቸውን እንዴት እንዳስቆጠሩ ለማሳየት ይሞክራል።

ከሒሳብ መዝገብ የተወለደች መኪና

ከለንደን በስተ ምሥራቅ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዳገናም በተባለ ረግረጋማ ሥፍራ የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ በ1931 አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው የራሱ የብረት ማቅለጫ ምድጃ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫና የራሱ የመርከብ መጫኛ ነበረው። ጥሬ ዕቃው በአንድ በኩል ይገባል፤ መኪናው በሌላ በኩል ይወጣል። በመካከሉ ያለው ደግሞ በሰዓትና በፉጨት የሚታዘዝ የሰው ጉልበት ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈና የእንግሊዝ ሠራተኛ ደመወዝ ቀስ በቀስ ከፍ ማለት ከጀመረ በኋላ መኪና ከባለጸጋው ግቢ ወጥቶ ወደ ተራው ቤተሰብ ደጃፍ መቅረብ ጀመረ። በ1959 የፎርድ ተፎካካሪ የነበረው የእንግሊዝ ሞተር ኮርፖሬሽን ሚኒ የተባለችውን ትንሽ መኪና በርካሽ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። የፎርድ ሰዎች አንዷን ሚኒ ገዝተው ብሎን በብሎን ፈቷት። እያንዳንዱን ክፍል መዝነው ዋጋ ካወጡለት በኋላ የደረሱበት ውጤት ተፎካካሪያቸው በእያንዳንዷ ሚኒ ላይ 30 ፓውንድ ያህል ይከስራል የሚል ነበር። ከዚህም በመነሳት ፎርድ ያንን መንገድ ላለመከተል ወሰነ።

የመረጠውን መንገድ የመራው የምርት ዕቅድ ኃላፊው ቴሬንስ ቤኬት ነበር። ዕቅዱ በምሥጢር «ሊቀ ጳጳስ» የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ከበስተጀርባው ፉክክር ነበረበት። በዚያው ጊዜ የፎርድ የጀርመን ቅርንጫፍ «ካርዲናል» የተባለ ሌላ መኪና በማዘጋጀት ላይ ስለነበር፣ የእንግሊዙ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ፓትሪክ ሄነሲ ከጀርመኖቹ ላለማነስ እልህ ተጋብቶ ነበር። የአንድ ባለቤት ሁለት ቅርንጫፎች እንዲህ እርስ በርሳቸው የሚሽቀዳደሙት ለባለቤቱ የሚገባው ትርፍ በሁለቱም በኩል እንዲያድግ ነው። የአሜሪካው ፎርድም በ1960 መጨረሻ በእንግሊዙ ኩባንያ ውስጥ የቀሩትን አነስተኛ ባለ አክሲዮኖች ድርሻ ጠቅልሎ ለመግዛት መነሳቱ በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም።

ኮርቲና አዲስ ግኝት አልነበረችም። ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ፣ ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ ሆኖ ሁሉም ተሞክሮ የታወቀ ነበር። አዲስነቷ ያለው በወጪ ስሌቱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የወጪና የክብደት ጣሪያ ተወሰነለት። ነዳፊው አንድ ክፍል ላይ ጥቂት ፔኒዎች ቢጨምር ከሌላው ላይ መቀነስ ነበረበት። የአካሉን ጥንካሬ ሳይነኩ ብረቱን ለመቀነስ በአውሮፕላን ሥራ የተለመደው የጫና ስሌት ጥቅም ላይ ዋለ። መልኳን የነደፈው ሮይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ነው። ቀደም ሲል በአሜሪካ ኤድሰል የተባለችውን በገበያ የወደቀች መኪና ስለነደፈ ወደ እንግሊዝ ተልኮ የነበረ ሰው ነው። ስሟ ደግሞ የ1956ቱ የክረምት ኦሎምፒክ ከተካሄደበት ከኢጣሊያኑ የበረዶ መዝናኛ ከተማ ከኮርቲና ዳምፔዞ ተወሰደ። በጢስና በጭጋግ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የበረዶ ተራራ ሽርሽር በስም ተሸጠለት ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 1962 ኮርቲና ከግብር በፊት በ573 ፓውንድ ለገበያ ቀረበች። ስሌቱ ሠመረ። የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመረተ። በ1964 በጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካ በሚካሄደው የሳፋሪ ውድድር አንዲት ኮርቲና አንደኛ ወጣች። በ1966 የወጣችው ሁለተኛዋ ዓይነት ደግሞ በ1967 በእንግሊዝ አገር በሽያጭ ቀዳሚውን ቦታ ያዘች። የኩባንያው የሒሳብ ሰዎች ስለ ብረቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ብሎኑ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ያላወቁት ወይም ለማወቅ ያልፈለጉት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት መኪናዋ በምን ዘዴ ትሸጥ እንደነበር እንይ።

በፋብሪካ የሚመረት ማዕረግ

ካፒታሊዝም ሸቀጥ ሲሸጥ አብሮ ማዕረግ ይሸጣል። ለዚህ ከኮርቲና የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1970 የወጣችው ሦስተኛዋ ኮርቲና ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ብረትና በአንድ እጅ የምትሠራ ሆና በተለያዩ ደረጃዎች ለገበያ ቀረበች። ከታች ምንም ምልክት የሌላት ተራዋ ነበረች፤ በላይዋ «ኤል»፣ ከዚያም «ኤክስ ኤል»፣ ቀጥሎ «ጂ ቲ»፣ ከሁሉም በላይ «ጂ ኤክስ ኤል» ተሰለፉ። ተራዋ ሁለት የፊት መብራት ስትይዝ ባለ ማዕረጎቹ አራት ክብ መብራት ነበራቸው። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ የመቀመጫው ጨርቅ፣ በጀርባዋ ላይ የተለጠፈው የብረት ፊደል በሙሉ ባለቤቱ በኑሮ መሰላል ላይ የት እንደቆመ ለጎረቤቱ የሚናገሩ ምልክቶች ሆኑ።

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ አብዛኛው ኮርቲና የሚገዛው በግለሰብ ሳይሆን በኩባንያ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን በሚገድብበትና የገቢ ግብር ከፍተኛ በነበረበት ዘመን ኩባንያዎች ለሽያጭ ሠራተኞቻቸውና ለመካከለኛ ሹሞቻቸው በደመወዝ ፋንታ የመሥሪያ ቤት መኪና መስጠትን ልማድ አደረጉ። ጀማሪው ሻጭ ተራዋን፣ ከእርሱ ከፍ ያለው «ኤል»ን፣ የክፍል ኃላፊው «ጂ ኤክስ ኤል»ን ይነዳል። በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ የተሰለፉትን ኮርቲናዎች ያየ ሰው የመሥሪያ ቤቱን የሥልጣን ተዋረድ ያለ አስረጂ ያነብ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። በሁለት ፊደል የተለያዩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይሸጣሉ። ነገር ግን ዓይናቸው በመኪናው ጀርባ በተለጠፈው ፊደል ላይ ስለተተከለ አንዱ ሌላውን እንደ ጓደኛው ሳይሆን እንደ የበላዩ ወይም እንደ የበታቹ ይመለከተዋል። የመደብ አንድነት የሚፈርሰው በጥይት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ በአንድ ተለጣፊ ፊደልም ይፈርሳል።

የስፌት መኪናዎች ዝም ያሉ ዕለት

ኩባንያው ፊደል የሚለጥፈው በመኪናዎቹ ላይ ብቻ አልነበረም። ሠራተኞቹንም በፊደል ደልድሏል። በ1967 ፎርድ ባካሄደው የሥራ ምዘና መሠረት የፋብሪካው ሥራዎች በአምስት ደረጃዎች ተከፈሉ። ዘዴው ሳይንሳዊ ነው ተባለ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ተደምሮ ደረጃውን ይወስናል። የኮርቲናን ክፍሎች በመዘነው ዓይነት ሚዛን የሰው ሙያ ተመዘነ ማለት ነው።

በዳገናም ፋብሪካ ውስጥ የመቀመጫ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ። ሥራቸው የተቆረጠውን ጨርቅና ቆዳ መሰል ልባስ በትላልቅ የስፌት መኪናዎች ላይ እየገጣጠሙ ለመቀመጫው ልክ የሆነ ልብስ ማውጣት ነው። ስፌቱ ከተጣመመ መቀመጫው ይጨማደዳል፤ እጅ ከዘገየ የመገጣጠሚያው መስመር ይጠብቃል፤ ጣት ከተሳተ መርፌ ጣት ይወጋል። ለዚህ ሥራ የሚቀጠሩት በስፌት መኪና ላይ ተፈትነው ችሎታቸውን ያስመሰከሩ ሴቶች ብቻ ነበሩ። አዲሱ ምዘና ግን እነዚህን ባለሙያዎች «ቢ» ከተባለው ዝቅተኛ የሙያ ደረጃ ላይ አስቀመጣቸው። እነርሱ የሚገባን «ሲ» ነው ይሉ ነበር። በዚህም አላበቃም፤ ሴት በመሆናቸው ብቻ በዚያው በ«ቢ» ደረጃ ያለ ወንድ ከሚከፈለው 85 በመቶውን ብቻ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህም ሁለት ጊዜ ተቀነሱ፤ አንድ ጊዜ በሙያቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ በጾታቸው።

ለመቀጠር የሙያ ፈተና የሚጠይቅ ኩባንያ፣ ከቀጠረ በኋላ ሙያ የላችሁም ሲል የራሱን ቃል ራሱ አፈረሰ። ፈተናው ለምን አስፈለገ ቢባል መልስ የለውም። እውነተኛው መልስ ስፌት ሴት ልጅ ከእናቷ ጓዳ ይዛው የምትመጣ ነገር ስለሆነ ኩባንያው ገንዘብ ሊከፍልበት አለመፈለጉ ነው። በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ በፋብሪካም ውስጥ እንደ ሙያ ሳይቆጠር ይቀራል።

ጁን 7 ቀን 1968 የዳገናም 187 የስፌት ሠራተኞች መኪኖቻቸውን አጥፍተው ወጡ። ከተወካዮቻቸው አንዷ ሮዝ ቦላንድ ነበረች። በሊቨርፑል አጠገብ በሚገኘው በሄይልውድ የፎርድ ፋብሪካ ያሉት የስፌት ሠራተኞችም ተከተሏቸው። በመጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠረው የኩባንያው ሠራተኛ መካከል ሁለት መቶ የማይሞሉ ሴቶች ቢወጡ ምን ይጎድላል ተባለ። በመጋዘን የተከማቸው የመቀመጫ ልብስ ሲያልቅ ግን የጎደለው ታየ። መቀመጫ የሌለው መኪና ሊሸጥ አይችልም። ምድጃው ብረት ቢያቀልጥ፣ መዶሻው ብረት ቢቀጠቅጥ፣ ሞተሩ ቢያጓራ፣ ሹፌሩ የሚቀመጥበት ልብስ ካልተሰፋ ያ ሁሉ ድካም ቆሞ የሚዝግ ብረት ነው። የዳገናም የመገጣጠሚያ መስመር ቆመ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ሥራ ፈተው ወደ ቤታቸው ተላኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል በቴምዝ ዳር በእውነተኛ ክር ተፈጸመ።

ከሦስት ሳምንታት በኋላ የሥራና የምርታማነት ሚኒስትር የነበሩት ባርባራ ካስል የአድማውን ተወካዮች በቢሯቸው ተቀብለው አነጋገሩ። ስምምነት ተደረገ፤ የሴቶቹ ክፍያ ከወንዶቹ 92 በመቶ እንዲደርስ ተወሰነ። በ1970 የእንግሊዝ ፓርላማ የእኩል ክፍያ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በ1975 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። የዳገናም ሴቶች ያቀጣጠሉት እሳት ለዚህ ሕግ መውጣት ዋነኛ ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ መሆኑ ዛሬ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። በ2010ም ታሪካቸው በፊልም ቀርቧል።

ያልተመለሰው ጥያቄ

ሆኖም ድሉን ስናወድስ ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ሂስና ግለ ሂስ ለሠራተኛው እንቅስቃሴ እንደ ምግብ አስፈላጊ ነው።

የዳገናም ሴቶች ሲወጡ ያነሱት ቀዳሚ ጥያቄ የመቶኛ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄያቸው «ባለሙያ ነን፤ በሙያችን ልክ እንመደብ» የሚል ነበር። ድርድሩ ሲካሄድ ግን ክርክሩ ወደ ሴትና ወንድ የክፍያ ልዩነት አዘነበለ። የእኩል ክፍያ ጥያቄ ትልቅና ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ በእርሱም ታላቅ እርምጃ ተገኘ። የደረጃው ጥያቄ ግን እንደተቀመጠ ቀረ። ሴቶቹ ከ85 ወደ 92 በመቶ ከፍ ብለው በዚያው «ቢ» ላይ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ።

ለዚህ ተጠያቂው ኩባንያው ብቻ አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪዎች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። አድማው የራሳቸውን ደመወዝ ያስቀረባቸው አንዳንድ ሠራተኞችና ባሎችም በሴቶቹ ላይ ማጉረምረማቸው አልቀረም። በመኪናው ጀርባ የተለጠፈው ፊደል ሁለቱን ሻጮች እንደለያየ ሁሉ፣ በደመወዝ መዝገቡ ላይ የተጻፈውም ፊደል ወንዱንና ሴቷን ሠራተኛ ለያይቶ ነበር። የበላይ መሆን ጥቂት ሳንቲም ብቻ ቢያስገኝም እንኳ ያታልላል።

ሴቶቹ ጥያቄያቸውን አልረሱትም። ዓመታት አለፉ፤ ኮርቲና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛና አምስተኛ ዓይነት ተለዋወጠች፤ ከዚያም መሠራቷ ቀረ። በ1984 የዳገናም የስፌት ሠራተኞች እንደገና ሥራ አቁመው ለሳምንታት ከቆዩ በኋላ ጉዳዩ ለገለልተኛ ውሳኔ ቀርቦ የባለሙያነታቸው ደረጃ «ሲ» ታወቀላቸው። ከመጀመሪያው አድማ እስከ ሁለተኛው 16 ዓመት ፈጅቷል። የሰፉላት መኪና ከገበያ ከወጣች በኋላ የሰፊዎቿ ሙያ ሙያ መሆኑ ተመሰከረ።

ከዳገናም እስከ ፖርት ኤልዛቤት

ካፒታል ድንበር አያውቅም፤ ኮርቲናም በእንግሊዝ ብቻ አልተሠራችም። በ1968 የደቡብ ኮርያው ሃዩንዳይ ኩባንያ የመጀመሪያ መኪናው አድርጎ የገጣጠመው ኮርቲናን ነው። በአህጉራችን ደግሞ ፎርድ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ በፖርት ኤልዛቤት ከተማ መኪና ይገጣጥም ነበር። ኮርቲና በዚያች ከተማ ስትሩአንዴል በተባለ ፋብሪካ ትሠራ ነበር።

ፎርድ በ1977 የሰሊቫን መርሆዎች የሚባሉትን፣ በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሥራ ቦታ የዘር ልዩነት እንዳያደርጉ የሚጠይቁ ደንቦች ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች ጋር ፈርሞ ነበር። የፊርማው ዋጋ የተፈተነው በ1979 ነው። በዚያ ዓመት የፖርት ኤልዛቤት ጥቁር ነዋሪዎች ፔብኮ የተባለ የነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የቤት ኪራይ ጭማሪንና የአፓርታይድ መንግሥት ነዋሪውን ከሠፈሩ ማፈናቀሉን ይቃወም ነበር። ሊቀ መንበሩ ቶዛሚሌ ቦታ የፎርድ ሠራተኛ ነበር። ኩባንያው ከሥራህና ከማኅበርህ አንዱን ምረጥ የሚል ፈተና ሲያቀርብለት በኦክቶበር መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ።

ያን ጊዜ በኮርቲና ፋብሪካ ያሉ 700 ያህል ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። ይህ እርምጃ ደመወዝ ለማስጨመር የተወሰደ አልነበረም። የሠፈራቸውን ጉዳይ የሚያነሳላቸው ሰው ከሥራው በመገፋቱ የወሰዱት ነው። ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቦታን ወደ ሥራው መለሰው። በኖቬምበር እንደገና በፋብሪካው ውስጥ ስለሚደርስባቸው በደል በተነሳ ግጭት መቶዎች ተባረሩ፤ በጃንዋሪ 1980 ኩባንያው መልሶ ሊቀጥራቸው ተስማማ። የአፓርታይድ ፖሊስ ግን ቦታን አሠረው፤ ከዚያም በዚያው ዓመት ወደ ሌሶቶ ለመሰደድ ተገደደ።

የዳገናምና የፖርት ኤልዛቤት ታሪኮች ከአሥር ዓመት በላይ ቢራራቁም አንድ እውነት ይናገራሉ። በአንደኛው ሥፍራ ሴትነት፣ በሌላው የቆዳ ቀለም፣ የሠራተኛውን ድካም ለማርከስ አገልግሏል። በአንደኛው ሥፍራ ከጓዳ የመጣ ሙያ፣ በሌላው ከሠፈር የመጣ ማኅበር፣ የኩባንያው መዝገብ ሊያውቀው ያልፈለገው ኃይል ሆኖ ተገኘ። የደቡብ አፍሪካው ትግል ደግሞ ለነዋሪዎች ማኅበራት የተለየ ትምህርት አለው። ሠራተኛው ከፋብሪካው በር ሲወጣ ትግሉ አያበቃም፤ የቤት ኪራዩ፣ የውሃው ቧንቧና የሠፈሩ መንገድ ከደመወዙ ጋር የተያያዙ ናቸውና። በአንድ እጅ የተጨመረ ደመወዝ በሌላ እጅ በኪራይ ከተወሰደ ጭማሪ አይባልም።

የአንዲት መኪና መጨረሻ

በእንግሊዝም ትግሉ አልቆመም። በ1978 መንግሥት የደመወዝ ጭማሪ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ባወጀ ጊዜ 57 ሺህ ያህል የፎርድ ሠራተኞች ወጥተው ለዘጠኝ ሳምንታት ከቆዩ በኋላ 17 በመቶ አስጨምረዋል። ነገር ግን ኩባንያውም ከትግሉ የራሱን ትምህርት ወስዶ ነበር። ፎርድ በ1967 የአውሮፓ ቅርንጫፎቹን በአንድ አመራር ሥር አዋህዶ ስለነበር በአንድ አገር ሥራ ሲቆም ከሌላው አገር ማምጣት ቻለ። በ1970ዎቹ ለእንግሊዝ ገበያ ከቀረቡት ኮርቲናዎች መካከል ከቤልጂጉ የጌንክ ፋብሪካ የመጡም ነበሩ። ካፒታል በአውሮፓ ደረጃ ሲደራጅ የሠራተኛ ማኅበራት በየአገራቸው አጥር ውስጥ ቀሩ። በዚህ ክፍተትም የተጎዳው ሠራተኛው ነው።

ጁላይ 22 ቀን 1982 የመጨረሻዋ ኮርቲና ከዳገናም የመገጣጠሚያ መስመር ወጣች። ቦታዋን ሲዬራ የተባለች መኪና ወሰደች። የሲዬራም ሥራ በ1990 ሙሉ በሙሉ ወደ ጌንክ ተዛወረ። በፌብሩዋሪ 2002 ዳገናም የመጨረሻ መኪናውን ገጥሞ ከ70 ዓመት በላይ የዘለቀው የመኪና መገጣጠም ሥራ በዚያ ሥፍራ አከተመ፤ የቀረው የሞተር ሥራ ነበር። ኮርቲና ዛሬ የሰብሳቢዎች ጌጥ ናት። በመስከ ላይ ተደርድራ ስትታይ ጎብኚው ቀለሟን ያደንቃል፤ በሯን ከፍቶ በመቀመጫዋ ላይ ይቀመጣል። የተቀመጠበትን ስፌት ግን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

እኛስ የማንን ሙያ ነው የማንቆጥረው?

ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ ጥቅሙ ወደ ራስ ለመመልከት ነው። የሚሸምነውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የሚሠራውን እጅ በስድብ ስም እየጠራ፣ የሠሩለትን ግን ሲለብስ፣ ሲያርስበትና ሲበላበት የኖረ ማኅበረሰብ ልጆች ነን። የፎርድ ኩባንያ በፊደል ያደረገውን እኛ በስድብ ስናደርገው ኖረናል።

ዛሬም በየሠፈራችን በአንዲት የስፌት መኪና ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች። ጎረቤት ስለ እርሷ ሲጠየቅ «ሥራ የላትም፤ ቤት ሆና ትሰፋለች» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ከ1967ቱ የፎርድ ምዘና በምን ይለያል? በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክን በመሳሰሉ ሥፍራዎችም በስፌት መኪና ፊት የተሰለፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው። የዳገናም ሴቶች ታሪክ የሚያስተምረን ግን በሕግ ከተጻፈው እኩልነት በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ መኖሩን ነው። የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? መመዘኛውን የሚያወጣውስ የተመዛኙን ሥራ ያውቀዋልን? ይህ ጥያቄ ካልተነሳ እኩል ክፍያ የሚለው ሕግ ሳይጣስ ሙያ ተቀንሶ ሊከፈል ይችላል።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቁ የሥራ ምደባውንም መዝገብ ከፍተው ሊመረምሩ ይገባል። የነዋሪዎች ማኅበራትም በሠፈራቸው ያለውን ባለሙያ ሲመዘግቡ ደመወዝ የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን በየጓዳው የሚሰፋውን፣ የሚፈትለውንና የሚጋግረውን እጅ በሙያ ስም ሊመዘግቡት ይገባል። ወንድ ሠራተኞች ደግሞ የእህቶቻቸው ጥያቄ የራሳቸውን ጥያቄ የሚያዘገይ መስሎ በታያቸው ጊዜ የዳገናምን 16 ዓመት ያስታውሱ።

የኮርቲና ነዳፊዎች በአንዲት መኪና ውስጥ ያለውን ክፍል ሁሉ ቆጥረው ዋጋ አወጡለት። በስሌታቸው የሳቱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሩን በመርፌው ዓይን የሚያሳልፈው እጅ ሲቆም ሁሉም ነገር እንደሚቆም። ያንን እጅ ለመቁጠር እስኪቆም መጠበቅ የለብንም።